የአራት ሰዓት መንገድ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሳለሁ የጻፍሁት ሁሉ ከሰሌዳ ላይ የገለበጥሁት ነው፤ እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ አበቃ። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ሲጠይቁኝ መልሱ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ተመልሶ ይወርዳል። ታላቅ እህቴ ለዚህ «ዝምተኛዋ» እያለች ትጠራኛለች። ቤታችን ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፤ እናቴ፣ እህቴና እኔ። የእኔን ድርሻ ወሬ የምታወራልኝ እሷ ነበረች። አሁን እሷ የለችም። ይህን የምጽፈው መናገር ያለብኝ ነገር ስላለና የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው። ነገሩ ይህ ነው፦ እህቴ ካሰበችበት ሳትደርስ ቤቱን ጠርጌዋለሁ።

ለማያውቅ ሰው ምንም አይመስልም። እናቴ ግን ያደገችው እንዲህ ነው። ከቤት ሰው ወጥቶ ሩቅ መንገድ ከጀመረ፣ ደረሰ የሚል ወሬ እስኪመጣ ድረስ መጥረጊያ አይነሳም። ዱካው ወለሉ ላይ ሳለ ከተጠረገ መንገዱ ይበላሽበታል ትላለች። ድሮ ሰው የሚሄደው አቀስታ፣ ቢበዛ ደሴ ስለነበር ቤቱ አንድ ሁለት ቀን ሳይጠረግ ቢያድር የሚጎዳ አልነበረም። ዐረብ አገር ለሚሄድ ሰው ስንት ቀን እንደሚቆይ ግን ማንም አስቦበት አያውቅም።

እህቴ የሄደችው ረቡዕ ንጋት ላይ ነው፤ ቤሩት ለቤት ሠራተኝነት። መናኸሪያው ድረስ ሻንጣዋን ይዤ ሸኘኋት። የሻንጣው አንዱ ጎማ አልዞር ስላለ ግማሹን መንገድ ተሸክሜዋለሁ። እሷ ባዶ እጇን ከፊቴ እየሄደች ወደኋላ ዞራ ታወራኛለች፤ መናኸሪያ ስንደርስ ደግሞ ከሹፌሩ ጋር ተጣላች።

«ከኋላ አልቀመጥም» አለችው። «እኔ አውሮፕላን የምሳፈር ሰው ነኝ።»

«አውሮፕላንም የኋላ ወንበር አለው። ግቢ» አላት።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም፣ እኔም። ሚኒባሱ አቧራውን አስነስቶ ከሄደ በኋላ ፊቴ ላይ የቀረውን ሳቅ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

ረቡዕ ደሴ አደረች። ሐሙስ አዲስ አበባ ገባች። በረራዋ አርብ ከሰዓት በኋላ ነው ተብሎ ነበር የተነገራት። ትኬቱን ገና አላየችውም፤ የሚያስኬዳት ሰው አየር ማረፊያው በር ላይ እሰጥሻለሁ ብሏታል።

የእኛ ቤት ወለል አፈር ነው። በሁለት ቀን ምን ያህል እንደሚቆሽሽ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዱቄት፣ ገለባ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ዶሮዎቹ ጭረው የሚያስገቡት ሁሉ። እናቴ መሃል መሃሉን በእጇ እየሰበሰበች ከጓዳው ጥግ አከማቸችው፤ ከደጃፍ ግን አላወጣችውም። ከመደባችን አጠገብ ደግሞ የእህቴ የላስቲክ ጫማ ዱካ ነበር። የሄደች ዕለት ፊቷን ስትታጠብ ውሃ ደፍታ የረገጠችው ነው፤ እንደደረቀ የጫማው መስመር ሳይቀር ይታያል። እኔና እናቴ ሳንነጋገር ሁለታችንም ዞረነው እናልፍ ነበር።

ሐሙስ ማምሻውን ጎረቤታችን እሳት ሊጭሩ ገቡ። እስላም ናቸው፤ ከእናቴ ጋር የአንድ ሰፈር ልጆች ያህል ነው የሚቀላለዱት። በሩ ላይ ቆመው ወለሉን አዩት።

«ቤትሽ አውድማ ሆነ እኮ» አሉ። «በሬ ብቻ ነው የቀረሽ።»

«ልጄ መንገድ ላይ ናት» አለች እናቴ።

«አብሽሪ፣ አላህ በሰላም ያገባታል። ግን ቅዳሜ ማኅበርሽ አይደለም እንዴ? ሰዎቹን እዚህ ላይ ልታስቀምጪያቸው ነው?»

እናቴ ረስታው አልነበረም። ጠላው ከተጠመቀ ሰንብቷል፤ የዳቦው ዱቄት ተነፍቷል። ተራው የእሷ ነው፤ ማኅበር ደግሞ ለሌላ ቀን ይዛወርልኝ አይባልም። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አምስት የሚያህል ሰው፣ ቄሱም ጭምር፣ በዚያ ወለል ላይ ይቀመጣል። ወይ ቤቱ ይጠረጋል፣ ወይ እናቴ በሰው ፊት ታፍራለች። ጎረቤታችን ከወጡ በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«እዚያ መሥሪያ ቤታችሁ ኮምፒውተር አለ አይደል። አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቂልኝ።»

እኔ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ነኝ። በየቀኑ የሰው ወለል እጠርጋለሁ፤ ያን ሳምንት የራሴ ቤት ብቻ ነበር የተከለከልሁት። አርብ ጠዋት መዝገብ ቤቱን ስጠርግ እትዬ ብቻቸውን ነበሩ። መዝገብ ቤቱን የያዙት ሴትዮ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ልጠይቃቸው ስል ቃሉ እየጠፋኝ ከጠረጴዛቸው ሥር ደጋግሜ ጠረግሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ጥግ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «ሦስተኛሽ ነው።»

መጥረጊያውን እያየሁ «እትዬ፣ ከቦሌ ቤሩት ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አልሁ።

መነጽራቸውን አደረጉና መዝገቡን ገፋ አደረጉት። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ክፍት ቦታ ያለው ገጽ አወጡ፤ በአንዱ የሚነሱበትን አየር ማረፊያ፣ በሌላው የሚደርሱበትን ይጽፉበታል። ሲጽፉት ካርታ ላይ አንድ መስመር ተዘረጋ። ከእኛ አገር ተነስቶ ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ፣ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ያለ መስመር ነው። ከሥሩ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ አራት ሰዓት ገደማ ይላል።

«አራት ሰዓት» አሉ እትዬ። «እኔ ባለፈው ደሴ ስሄድ ስምንት ሰዓት ነው የፈጀብኝ፤ እሱም ጎማ ሳይፈነዳ። እህትሽ ቦሌ ላይ ሆና ከእኛ ይልቅ ለቤሩት ነው የምትቀርበው።»

በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ቀኑን ሙሉ እጄን እየሰደድሁ እነካው ነበር። እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሥራ ገብቼ ስድስት ሰዓት ለምሳ እወጣለሁ፤ ያ አራት ሰዓት ነው። በአንድ ግማሽ ቀን ጽዳት ያለቀ መንገድ እንዴት ሩቅ ይባላል እያልሁ ራሴን አጽናናሁ።

ያን ዕለት ከምሳ በኋላ አስፈቅጄ ቤት ቀረሁ፤ ስምንት ሰዓት ላይ እህቴ ደወለች። ከቦሌ ነው። እናቴ መርቃ መርቃ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ዝምተኛዋ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ልንገባ ነው። ብዙ ሴቶች ነን፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሻንጣ ነው የያዝነው። የእኔን የማውቀው በማይዞረው ጎማ ነው። በይ አንድ ነገር በይኝ።»

በሰላም ግቢ ማለት ነበረብኝ። የመጣልኝ ግን ሌላ ነው። «አራት ሰዓት ነው» አልኋት።

«ምኑ?»

«መንገዱ።»

ሳቀች። «እሺ ፓይለቷ» አለችኝና ስልኩ ተቋረጠ።

ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ። ልብስ እያጠብሁ ሰዓቱን ቆጠርሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትገባ ወደ እናቴ ሄጄ «ደርሳለች» አልኋት።

«ደወለች?»

«አልደወለችም። ግን አራት ሰዓቱ ሞልቷል።»

እናቴ መጥረጊያውን አየችው። አላነሳችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ አልጮኸም። የማኅበሩ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ዳቦው ወጥቶ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጠላው ተቀድቷል፤ ወለሉ እንደዚያው ነው። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ከእጆቿ ሌላ ምንም አታይም። ቆይታ ጠየቀችኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

በዕድሜዬ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። እስከዚያ ድረስ በእኔ ቃል የተሠራ ነገር የለም። ፖስታውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ተቀብላ ገለበጠችው፣ በአውራ ጣቷ ጽሕፈቱን ዳሰሰችው።

«እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለች።

መጥረጊያውን አነሳሁ። ከጓዳው ጀምሬ ወደ በሩ ጠረግሁ። ጥጉ ላይ የተከማቸውንም ጨምሬ ነዳሁት። እህቴ የረገጠችበት ቦታ ስደርስ ቆምሁ። ከዚያ ውሃ ረጨሁበትና ጠረግሁት፤ ሁለት ጊዜ ሳልደግም ጠፋ። ሁሉንም በላስቲክ አፍሼ ከአጥሩ ሥር ካለው አመድ መድፊያ ደፋሁት።

ሰዎቹ መጡ። ቤቱ ንጹሕ ነበር። ሁሉም እናቴን «እንኳን በሰላም ገባችልሽ» ይሏታል፤ እሷም «አሜን» ትላለች። እኔ ጠላ እየዞርሁ ቀዳሁ። ከሰው ጋር ላለማውራት ጠላ መቅዳት ጥሩ ነው።

እሑድ አልደወለችም። ሰኞም። በእሷ ቁጥር ስንሞክር አይሠራም ይላል። ጎረቤታችን በየቀኑ ብቅ እያሉ ምክንያት ያመጡልን ነበር፤ የዚያን አገር ሲም እስኪያወጡላት ነው፣ አሠሪዎቿ እስኪለምዷት ነው፣ ኔትወርክ ነው። «አብሽሩ» ብለው ይወጣሉ። ሲወጡ ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ዝም ይላል። ድሮ ይህን ዝምታ የምትሞላው እህቴ ነበረች። እኔና እናቴ ብቻችንን እራት ስንበላ የምንሰማው የራሳችንን ማላመጥ ነው።

መሥሪያ ቤት እትዬ «ገባች?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ» አልኋቸው። የማይናገር ሰው ሲዋሽም አጭር ነው፤ ማንም አያውቅበትም። ከዚያ በየክፍሉ ስጠርግ፣ በየበሩ ቆሻሻውን ባወጣሁ ቁጥር፣ ያን ቅዳሜ ጠዋት አስብ ነበር። በእናቴ ደንብ አምናለሁ ወይ ብባል የምመልሰው የለኝም። ሳልጠርገው ብቆይ ኖሮ ግን አሁን የምፈራው ነገር ያንስ ነበር።

እናቴ አንድ ቀን እንኳ አንቺ ነሽ የጠረግሽው አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቱን በጠረግሁ በሰባተኛው ቀን ጠዋት ለሥራ ከወጣሁ በኋላ ነጠላዬን ረስቼ ተመለስሁ። ከአጥሩ ውጭ ሳለሁ እናቴን አየኋት። አመድ መድፊያው አጠገብ ተቀምጣ በእጇ ትጭራለች። ላይ ላዩን አመዱን ገለል አደረገችና ከሥሩ አንድ እፍኝ አፈር አነሳች። የሽንኩርት ልጣጭ አለበት፤ ገለባ አለበት። የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ አስቀመጠችውና ወደ ቤት ገባች። በሩ ክፍት ነው። ከጓዳው ጥግ፣ ቀድሞ ተከማችቶ በነበረበት ቦታ፣ አፈሩን አፈሰሰችው፤ ከዚያ በመዳፏ ቀስ አድርጋ ደለደለችው፤ ሕፃን የምታስተኛ ትመስል ነበር። ገብቼ ምንም ማለት አልቻልሁም። ነጠላዬን ሳልይዝ ወደ ሥራ ሄድሁ።

ስልኩ የመጣው ከዚያ በአራተኛው ቀን ነው። መዝገብ ቤቱን እየጠረግሁ ነበር፤ እትዬ ሻይ ሊጠጡ ወጥተዋል። ቁጥሩ ረጅም ነው፤ የማላውቀው አጀማመር አለው። መጥረጊያውን በብብቴ ይዤ አነሳሁት።

«ዝምተኛዋ፣ እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «የሴትዮዋ ስልክ ነው፤ ቶሎ ነው የምዘጋው። የእኔን ተቀብለው አስቀምጠውታል። ደህና ነኝ፤ ሥራው ብዙ ነው እንጂ ደህና ነኝ። እማ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ቤቱን ጠረጋችሁት ወይስ እስካሁን አቧራ ላይ ናችሁ?»

«ጠረግነው።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ ጠዋት።»

ዝም አለች። እህቴ ዝም ስትል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

«ቅዳሜ ጠዋት እኮ እኔ ዱባይ ነበርኩ» አለች ቆይታ። «በቀጥታ አይደለም የወሰዱን። ትኬቱን ስናየው ነው ያወቅነው። ዱባይ አወረዱንና እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ወለል ላይ ተቀመጥን። ስልኬም አልሠራ አለ። ጠዋት ላይ አንድ ሰውዬ በማሽን ወለሉን እየጠረገ መጣና እግራችሁን አንሱ ብሎ በእጁ አሳየን። አነሳን። እማ ብታየው ኖሮ ማሽኑን ትቀማው ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።»

«እትዬ ፖስታ ላይ የጻፉልኝ አራት ሰዓት ነበር» አልኋት።

«ፖስታው አብሮኝ አልተሳፈረማ» አለች። ስትስቅ ሰማኋት፤ ግን ሳቋ አጭር ነው። ከወዲያ የሴት ድምፅ ተጣራ። «የዱባዩን ነገር ለእማ እንዳትነግሪያት። አርብ ማታ ገባች በያት፤ እሺ?»

ስለ አመድ መድፊያው ልነግራት ፈልጌ ነበር። ስለ ጫማዋ ዱካም። ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።

«እሺ» አልኋት።

የእናቴ የትውልድ መንደር ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ገደል ጫፍ ሲቆሙ ከማዶ ይታያል። በጠራ ቀን የቤቶቹን ቆርቆሮ ሳይቀር መቁጠር ይቻላል። እዚያ ለመድረስ ግን ጠዋት ተነስቶ ገደሉን መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ከዚያ እስከ ማታ መውጣት ነው፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ ማደር አለ። ልጅ ሆነን እህቴ «ይሄው እኮ ነው፣ ለምን አንሄድም?» ስትል እናቴ ትስቅባት ነበር። በእኛ አገር ለዓይን የቀረበ ሁሉ ለእግር እንደማይቀርብ የማያውቅ የለም። እኔ ግን የኮምፒውተሩን ክር ሳይ መንገድ መሰለኝ። ገጹ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ከዚህ አየር ማረፊያ እስከዚያ አየር ማረፊያ ስንት ነው አልነው፣ ይህን ያህል ነው አለን። እህቴ በየት በኩል እንደምትሄድ፣ የት ወለል ላይ እንደምታድር አልጠየቅነውም።

ከሥራ እንደወጣሁ እየሮጥሁ ቤት ገባሁና ለእናቴ ነገርኋት። ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ ብዙ ጊዜ ቆየች።

«መቼ ገባች?» አለችኝ።

«አርብ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ፖስታው እንዳለው።»

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ያን አንድ እፍኝ አፈር በእጇ ሰብስባ ወጣችና ራሷ ደፋችው። ስትመለስ እጇን ታጥባ በነጠላዋ እያደረቀች አየችኝ። አመድ መድፊያው ላይ እንዳየኋት አታውቅም።

«አየሽ» አለች፣ «መማር ደግ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ልጅ የምትሸኝ የሰፈራችን እናት ሁሉ በእኔ ታስጠይቃለች። እናቴ ነች ያወራችልኝ። ጎረቤታችንም የእህታቸው ልጅ ጅዳ ስትሄድ መጡና «ያንን የአንቺን ነገር ጠይቂልኝ» አሉኝ። እትዬ ገጹን ያወጡልኛል፤ መስመሩ ይዘረጋል፤ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ስሰጣቸው ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ለእኔ ይህን ያህል መናገር ብዙ ነው። «ይህ በቀጥታ ቢሄዱ ነው፤ እስኪደውሉ አትጥረጉ» እላቸዋለሁ። ጎረቤታችን «ማኅበር የለብኝ፤ ሳምንትም ቢሆን እቆያለሁ» አሉኝ።

እህቴ ከደወለች አሁን አራተኛ ወሩ ነው። እንደገና አልደወለችም። ቤታችን በየቀኑ ይጠረጋል። እናቴ ደርሳለች ብላ ስለምታምን ትተኛለች፤ በአሠሪዎቿ ቤት ሥራ ቢበዛባት ነው ትላለች። እኔ መደቡ ላይ የእሷን ቦታ ሳልነካ ከግድግዳው ጥግ እተኛለሁ። ዱካዋ የነበረበትን ቦታ ስጠርግ አሁንም ዞሬ ማለፍ ይዳዳኛል፤ እዚያ ምንም የለም። ያ ረጅም ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ሥራ ቦታ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ አወጣውና አየዋለሁ። ጣቴን አስጠግቼ እመልሳለሁ። ያን ዕለት ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ ከወዲያ የሴትዮዋ ድምፅ እየቀረበ ሲመጣ እህቴ ለእኔ ያለችኝ የመጨረሻ ቃል ይህ ነውና፦

«በዚህ ቁጥር እንዳትደውዪ። እኔ እደውላለሁ።»